ለአባባ፦ ስለ ሾፌሮቹና ስለ ትኬት ቆራጮቹ ጥናት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው «ለመሆኑ የምታጠናው ምንድን ነው?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ በስልክ ተጣድፌ ከምመልስልዎ በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድሁ። ዕድሜዎን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ ያሳለፉ ነዎትና፣ የምሠራበት የስፖርት ሳይንስ ዘርፍ ትልቁን እርምጃ የተራመደው እርስዎን መሰል ሾፌሮችን በማጥናት መሆኑን ሲሰሙ ደስ እንደሚልዎ አምናለሁ።

ጥናቱን የመሩት ዶክተር ጄሪ ሞሪስ፣ ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁድ ልጅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ሊቨርፑል ተወልደው እኔ በምኖርባት በግላስጎው አደጉ። አባታቸው ለእግር ጉዞ ይዘዋቸው ይወጡና ከ6 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በአንድ ሰዓት ከጨረሱ አይስክሬም ይገዙላቸው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ሕመም በብሪታንያ ሲበረታ፣ ሞሪስ ምክንያቱን በሰዎች የሥራ ጠባይ ውስጥ ፈለጉ። በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሾፌሩ ተቀምጦ ሲውል፣ ትኬት ቆራጩ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር፤ መሥሪያ ቤታቸው ግን አንድ ነበር። በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት፣ ሕመሙ ትኬት ቆራጮቹን የሚይዘው በጥቂቱ፣ ዘግይቶና ቀለል ብሎ መሆኑን አሳየ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ሾፌር ሆነው የሚቀጠሩት ቀድሞውኑ ወፍራሞቹ ቢሆኑስ ብለው፣ የደንብ ልብሳቸውን ሱሪ የወገብ ልክ ከመዝገብ አሰባሰቡ። የሾፌሮቹ ወገብ በእርግጥ ሰፋ ብሎ ተገኘ፤ ሆኖም ትኬት ቆራጩ ቀጭንም ሆነ ወፍራም፣ በወገብ ልክ ከሚመስለው ሾፌር ይልቅ ልቡ የተጠበቀ ነበር። የገዛ ግኝታቸውን እንዲህ አጥብቀው መፈተናቸውን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራለሁ።

በእኛ አገር አውቶቡስ ግን ትኬት ቆራጩም በኋላው በር አጠገብ ተቀምጦ እንደሚውል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የእኔም ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ ሥራው የማያንቀሳቅሰው ሰው ከሥራ ውጭ ምን ያህል ቢንቀሳቀስ ልቡ ይጠበቃል? ሞሪስም በኋላ ወደዚሁ ዞረው የቢሮ ሠራተኞችን የዕረፍት ጊዜ አጥንተዋል፤ ራሳቸውም እስከ እርጅናቸው ስፖርት ሳይተዉ በ2009 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እርስዎም ሐኪምዎን አማክረው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ታክሲውን ትተው በእግርዎ ይሂዱልኝ። እርምጃዎም ከጎንዎ ያለውን ሰው ማነጋገር የማይከለክልዎ፣ መዘመር ግን የሚያስቸግርዎ ያህል ፈጠን ይበል። ደረትዎን ከያዘዎ ወዲያው ያቁሙ፤ ለእኔም አይደብቁኝ።

እማማን ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ