ለደንበኞቻችን፦ ቡድናችን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለምን እንደሚቆይ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ በምንልክላችሁ ፕሮፎርማ ላይ አንድ አዲስ መስመር አለ። «የሥራ ቅድመ ዝግጅትና ደህንነት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለዚሁ እንደሚውል ተጽፏል። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ይሄ ደግሞ ምንድነው? እኛ የጠየቅነው ብየዳ ነው» ብላችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የምትከፍሉበትን ነገር ማወቅ አለባችሁ። በስልክ ለየአንዳንዳችሁ ከማስረዳት ብለን ይህችን ደብዳቤ ጻፍን።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ብየዳ፣ የማሽን ተከላ፣ የፓነልና የሞተር ጥገና፣ የጣሪያና የቧንቧ ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ካሉት የጨርቃ ጨርቅና የዱቄት ፋብሪካዎች ጀምረን እስከ ጫጫ፣ ሸዋ ሮቢትና ለሚ ድረስ እንሄዳለን። የምንሄድበት ሁሉ እንግዳ ነን። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የእናንተ ሠራተኛ የትኛው ቧንቧ እንደሚያቃጥል ያውቃል። የትኛው ቆርቆሮ እንደማይረገጥ፣ የትኛው ኮንቬየር ከሌላ ክፍል እንደሚነሳ ያውቃል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ እየዋለበት ነው የለመደው። የእኛ ልጅ ግን የገባው ዛሬ ጠዋት ነው። ሙያውን ያውቃል፣ ቤቱን አያውቅም። እናንተ «ባለሙያ ነው፣ ያውቃል» ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። እሱ ደግሞ «አደጋ ቢኖር ይነግሩኝ ነበር» ብሎ ይገባል። ይህን ክፍተት ሄልሜት አይሞላውም። ያቺ ጠዋት የምትውለው ለዚህ ነው፤ እናንተ የምታውቁትን ለእኛ፣ እኛ ልናደርግ ያሰብነውን ለእናንተ ለመነጋገር።

ሄልሜት፣ ሴፍቲ ጫማ፣ ጓንት፣ የብየዳ መነጽር ከእናንተ አንጠይቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሥራው ሊያመጣ የሚችለውን አደጋም እንዲያስረዳ ያዛል። የልጆቹ አሠሪ እኛ ነን። ስለዚህ ይህ የእኛ ዕዳ ነው። በግቢያችሁ ውስጥ ያለውን አደጋ ማስረዳት የምንችለው ግን እናንተ ስትነግሩን ብቻ ነው።

ብዙ የምንከራከርበት ጉዳይ መብራት ነው። «መብራት ጠፍቷል፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ቶሎ ግቡና ጨርሱት» የሚል ስልክ በየጊዜው ይመጣል። ሐሳባችሁ ይገባናል፤ ማሽኑ የቆመበትን ሰዓት ለጥገና መጠቀም ነው። ግን የጠፋ መብራት ሌላ፣ የተቆለፈ መብራት ሌላ ነው። የጠፋው መቼ እንደሚመለስ እናንተም እኛም አናውቅም። በራሱ የሚነሳ ጀነሬተር ካለ ደግሞ መስመሩ በሰከንዶች ውስጥ ነፍስ ይዘራል። ያን ጊዜ እጁ ሰንሰለትና ጥርስ መሀል ያለ ሰው ለመሸሽ ፋታ አያገኝም።

ስለዚህ መብራት ኖረም አልኖረም ቡድናችን መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር ያጠፋል። ከዚያ በራሱ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ስምና ስልክ ያለበት ካርድም ያንጠለጥልበታል። ጀነሬተሩ በዚያው መስመር የሚገባ ከሆነ እሱም ይቆለፋል። ሦስት ሰው የሚሠራ ከሆነ ሦስት ቁልፍ ይንጠለጠላል፣ መክፈቻው በየባለቤቱ ኪስ ይሆናል። በመጨረሻ መስመሩ መሞቱን በቴስተር ያያል። ቴስተሩን ራሱን ደግሞ ከዚያ በፊትም በኋላም ኃይል ባለው መስመር ላይ ይሞክረዋል። የተበላሸ ቴስተርም «ምንም የለም» ይላልና። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፤ የሚጠበቀው ጊዜ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። የታመቀ አየር፣ እንፋሎት፣ ወደ ላይ ተነስቶ የቆመ ክብደትም እንዲሁ ነው። ብሬከር ስለወረደ አይጠፉም፤ አየሩና እንፋሎቱ መተንፈስ፣ ክብደቱ መውረድ ወይም መደገፍ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለን። ሺፍት ሲቀየር የሌሊቱ ኃላፊ ስለ ቁልፉ ይነገረው። ማታ ላይ መጥቶ «ይሄን ማን ቆለፈው?» ብሎ በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ይኖራል። ክፋት የለውም፣ ምርት እንዳይቆም ብሎ ነው። ቁልፉ እስካለ ድረስ ግን ሰው ውስጥ አለ ብላችሁ ቁጠሩ። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ይደወልበት፣ ስንት ሰዓትም ቢሆን እናነሳለን።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ታንከር፣ ሲሎና የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። «አምስት ደቂቃ ነው፣ ገብቶ አይቶ ይውጣ» የሚባልበት ቦታ ይህ ነው። አየር አይታይም። መደበኛ አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለ። ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ሰው አናስገባም። የመብላላት (ፈርመንቴሽን) ሥራ ባለበት ቦታ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። አፉ ላይ ቆሞ «ደህና ነው» ያለ ሰው መሰላሉን ሲወርድ ራሱን ሊስት ይችላል። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚገኘው ጋዝ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ በአፍንጫ መመራት አይቻልም። በመለኪያ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች እናያለን። ሰው ውስጥ እስካለም መለኪያው አይጠፋም።

ከቆላማው ሸዋ ሮቢት ሥራ ሲመለስ መለኪያውን ደብረ ብርሃን ላይ እንደገና ከውጭ አየር ጋር እናስተካክለዋለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የኦክስጅኑ በመቶኛ ያው ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። አንዳንድ መለኪያ ይህን ለይቶ አያውቅም። ከቆላ የመጣ ሠራተኛም እዚህ ሲወጣና ሲወርድ ቶሎ ይደክመዋል። ሰነፍ አትበሉት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ ልምጣ። «አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይውላል፣ ምንም አይሠራም፣ እኛ ግን እንከፍለዋለን» ትላላችሁ። አዎ፣ ይቆማል። ሥራው መቆም ነው። ውስጥ ካለው ሰው ጋር ያወራል፣ ገመዱን ይይዛል፣ መለኪያው ሲጮህ ያስወጣዋል። እሱ ራሱ እንዳይገባ ግን በጥብቅ ተነግሮታል። በዓለም ላይ በተዘጉ ቦታዎች ከሚሞቱት መካከል ጥቂት የማይባሉት ጓደኛቸውን ለማውጣት ዘለው የገቡ ናቸው። የእናንተ ሰዎችም ይህን ቢያውቁት ደስ ይለናል። ሀበሻ ወንድሙ ወድቆ እያየ መቆም አይችልም። አስቀድሞ ካልተነገረው ይገባል።

የብየዳም እንዲሁ ነው። ብየዳው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ብናኝ ውስጥ የገባች ፍንጣሪ ወዲያው አትነድም። ውስጥ ውስጡን ትጨሳለች፣ ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ ትነሳለች። ሱፍ፣ ጥጥ፣ ዱቄት ባለበት ቤት ደግሞ ብናኙ የሚከማቸው ማንም በማያየው ቦታ፣ ከጣሪያው ብረት ላይ ነው። ከመምጣታችን በፊት ቦታውን በዙሪያው እስከ 11 ሜትር ድረስ ካጸዳችሁልን ብዙ ጊዜ ታተርፋላችሁ። የማይነሳውን እኛ በማይነድ ብርድ ልብስ እንሸፍናለን። የውጭ ብየዳ ከሆነ ጠዋት ቢሆን እንመርጣለን። የከሰዓቱን ነፋስ የደብረ ብርሃን ሰው አይነገረውም።

ጣሪያ ላይ ግን ጠዋት አንወጣም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቆርቆሮው ውርጭ ይዞ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ እስኪደርቅ እንጠብቃለን፤ ብዙ ጊዜ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ በማለዳ ጀምረን ሙቀቱ ሳይበረታ እንወርዳለን። ከ2 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሰው ሴፍቲ ቤልት ግዴታ ነው፣ የሚታሰርበት ጠንካራ ቦታ ደግሞ አብረን እንመርጣለን። አንድ ነገር ግን ከእናንተ በቀር ማንም ሊነግረን አይችልም። ብርሃን እንዲያስገባ የተደረገው ፕላስቲክ የትኛው ነው? ከዓመታት በኋላ አቧራ ይለብስና ከቆርቆሮው አይለይም። ፀሐይም ስላደረቀው የሰው ክብደት አይችልም። ከውስጥ ሆናችሁ ቀና ብትሉ ግን ይታያችኋል። ቆጥራችሁ ንገሩን።

በባህር ዛፍ ስለሚታሰረው መወጣጫም ትጠይቁናላችሁ። ርካሽ ነው፣ ለልስንና ለቀለም ብዙዎች ይጠቀሙበታል። እኛ ግን ከባድ ብረት ተሸክመን ነው የምንወጣው። የማናውቀው ሰው በማናውቀው ሚስማር በመታው እንጨት ላይ ልጅ አናወጣም። የብረት መወጣጫ ይዘን እንመጣለን፣ ኪራዩ ፕሮፎርማው ላይ አለ። በዚህ ዋጋ ላይ ባትደራደሩን እንወዳለን።

ስለ ከሰልም ትንሽ እንበል። ሌሊት ሲሠራ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጥበቃውም የእኛም ልጅ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ይሞቃል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያስተኛል፤ ሰው «እንቅልፍ ነው» ይለዋል። ለሌሊት ሥራ ስንመጣ አየር የሚገባበት አንድ ክፍልና ትኩስ ሻይ ብታዘጋጁልን ከሰል የሚያነሳ አይኖርም።

ለማገዝ ብላችሁ የቀን ሠራተኛ ስትሰጡንም እናመሰግናለን። ግን ልጁ በነጠላ ጫማ መጥቶ ብረት ሊሸከም አይችልም። ማን እንደሚያዘው፣ ማን መከላከያ እንደሚሰጠው፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። ኃላፊነቱን እንድንወስድ ከፈለጋችሁ እኛው እንቅጠረው።

ሥራ አልቆ ሲመሽ ደግሞ ልጆቻችንን በሌሊት አንልክም። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጣርማ በር ተራራ ላይ ግን ጉሙ ከወረደ ሹፌሩ የራሱን መኪና አፍንጫም አያይም። ለአልጋ የምናስከፍላችሁ ለዚህ ነው።

ቡድኑ ሥራ ካቆመ ምክንያቱን ለፎርማናችሁ ወዲያው ይናገራል። ለማቆም የእኛን ፈቃድ አይጠብቅም፤ ትንሹ ረዳትም ቢሆን ማቆም ይችላል። በእኛ ምክንያት ለባከነው ሰዓት አናስከፍልም። መስመሩ ስላልተቆለፈ ወይም ታንከሩ ስላልተጸዳ ለባከነው ግን እናስከፍላለን።

ከፕሮፎርማው ጋር አንድ ገጽ ቅጽ ይደርሳችኋል። የምንሠራበት ማሽን ኃይል ከየት እንደሚያገኝ፣ ጀነሬተሩ በራሱ ይነሳ እንደሆነ፣ ታንከሩ ውስጥ መጨረሻ የነበረው ምን እንደሆነ፣ ጣሪያው ላይ ፕላስቲክ የት የት እንዳለ፣ በዚያ ቀን በአቅራቢያው ሌላ ኮንትራክተር ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። ቢሮ ያለ ሰው ሳይሆን ማሽኑ ላይ የሚውለው ሰው ቢሞላው ይሻላል። ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ብትልኩትም ይበቃል። ከሥራው ሁለት ቀን በፊት ከደረሰን የጠዋቱ ዝግጅት በግማሽ ያጥራል፣ ሂሳቡም አብሮ ይቀንሳል።

ከአክብሮት ጋር
ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን