ለእማዬ፦ የቀሩትን ጥርሶችሽን አታስነቅዪ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ «እማማ መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ያደክሙኛል።

እሁድ በስልክ «የቀሩትንም አስነቅዬ፣ ሙሉውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አስተክዬ ልረፍ» ስትዪኝ መልስ አጥቼ ዝም አልኩሽ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ «እሺ እሺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። መነጽርሽን አድርጊና ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

ለጥምቀት የመጣሽ ጊዜ ቡና ላይ ገብስ ቆሎ ቀርቦልሽ ነበር። ዘገን አደረግሽና ለስለስ ያለውን በጣትሽ እየመረጥሽ በቀኝ በኩል ብቻ ታኝኪ ጀመር። ሁለቴ ሦስቴ እንዳኘክሽ ከጆሮሽ ሥር «ቀጭ» አለ፤ እኔ ከማዶ ተቀምጬ ሰማሁት። ጣትሽን እዚያው ላይ ጫን አደረግሽና የቀረውን ቆሎ ለልጁ እጁ ላይ ገለበጥሽለት። ደብረ ብርሃን ተወልዳ በቆሎ ያደገች እናቴ! በማግስቱ ወደምሠራበት ክሊኒክ ይዤሽ ሄጄ ራጅ ያነሳሁሽ ለዚያ ነው።

ራጅሽን ዛሬም ደግሜ አየሁት። በቀን ስንት መንጋጋ አያለሁ፤ የእናት ሲሆን ግን ሌላ ነው። በግራ በኩል፣ የታች መንጋጋ ጥርሶችሽ ከተነቀሉ 15 ዓመት ባለፋቸው ቦታ፣ አጥንቱ ጎድጉዶ ወርዷል። ሁለቱ ክራንቻዎችሽ ያሉበት ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጥንቱ ያው አንድ አጥንት ነው።

ጥርስ ሲነቀል የሚሄደው ጥርሱ ብቻ ይመስለናል። ጥርስን ያቀፈው አጥንት ግን የሚኖረው ለጥርሱ ብሎ ነው። ባኘክሽ ቁጥር ሥሩ አጥንቱን ይነካካዋል፤ አጥንቱም በዚያ ራሱን እያደሰ ይበረታል። ወንድሜ እግሩ ተሰብሮ ጄሶው ሲፈታለት እግሩ እንጨት አክሎ አይተሽ አልቅሰሽ የለ? ሥራ የፈታ አጥንትም እንደዚያው ይሳሳል። ዩሊየስ ቮልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም አጥንት እንደሚሸከመው ጭነት ራሱን እንደሚለውጥ በፈረንጆች 1892 ጽፎታል። መንጋጋ ጥርስ በተነቀለ በመጀመሪያው ዓመት የቦታው አጥንት ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛውም የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው።

ከጆሮሽ ሥር የሚጮኸው መገጣጠሚያም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የታችኛው መንጋጋ በግራና በቀኝ ራስ አለው፤ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለች ጉድጓድ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የኋላ ጥርሶች ሲጎድሉ የማኘክ ኃይል ይቀንሳል፤ በአንድ ጎን ብቻ ሲታኘክ ደግሞ ጭነቱ ይዛባል። ጥርስ ባለቀባቸው ሰዎች የዚህ ራስ የውስጥ አጥንት ሳስቶ፣ ቅርጹም ጠፍጠፍ ብሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሁሉንም በጥርስ አላመካኝም፤ ዕድሜም፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣው የአጥንት መሳሳትም ድርሻ አላቸው። «ቀጭ» ማለቱም ብቻውን በሽታ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ጠዋት ጠዋት ያመኛል ማለትሽ ነው።

ጎረቤትሽ ሙሉውን አስተክላ ከተመቻት ደስ ይበላት። ድድ ላይ የሚቀመጥ ጥርስ ግን የማኘክ ኃይሉ የራስን ጥርስ ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ሥር ስለሌለው አጥንቱን ከመሳሳት አያድነውም፤ እየቆየ ይላላል፣ የታችኛው በተለይ። ጥርስ በሙሉ ሲያልቅ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከላይኛው 4 እጥፍ ያህል ይቀንሳልና። የክሊኒካችን የጥርስ ሐኪም ራጅሽን አይታ የነገረችኝ ክራንቻዎችሽን ይዞ የጎደለውን በሚወልቅ ጥርስ መሙላት እንደሚቻል ነው። ክራንቻዎቹ ሰው ሠራሹን ደግፈው ይይዙታል፣ በዙሪያቸው ያለውን አጥንትም ያቆዩልሻል። አጥንት ውስጥ የሚተከለው ኢምፕላንትም አለ፤ ዋጋው ከበድ ስለሚል እኔና ወንድሜ እንመክርበታለን። አንቺ ስለ ብር አታስቢ።

የግራዎቹን ያስነቀልሽ ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ። «ካመመሽ ይነቀል፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። የጥርስን ሥር አክሞ ማዳን እንደሚቻል አላውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን እንኳ ስሚኝ፣ እማዬ።

ቀጠሮ ለረቡዕ ይዤልሻለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ተሳፈሪ፤ ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። እስከዚያ ጠንካራውን ቆሎ ተዪውና በሶ በጥብጪ። የሚያምሽ ቦታ ላይ ለብ ያለ ጨርቅ ያዢበት፤ ስታዛጊም አፍሽን በጣም አትክፈቺ። ክራንቻዎቹን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ አጽጂያቸው። ብሩሹን ለጥምቀት ቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ ከትቼልሽ ነበር፤ ሳታዪው ቀርተሽ ይሆናል።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ