ለኩሬ የታዘዙ የጎልድፊሽ ጫጩቶችን ለምን እንደምናቆይ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለግቢ ኩሬ ያዘዛችኋቸውን የጎልድፊሽ ጫጩቶች ልትወስዱ ስትመጡ «ትንሽ ይቆዩ» ስንላችሁ አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደሚላችሁ እናውቃለን። ዓሦቹ ታመው አይደለም። ከአኳሪየም ወጥቶ ደጅ ኩሬ መግባት ለጫጩት ከባድ ለውጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም ችኮላ ነው። ምክንያታችንን ብታውቁት ቤት ያሳደጋችኋቸውን ስታዛውሩም ይጠቅማችኋል ብለን ይህን ጻፍንላችሁ።

ከአፉ እስከ ጅራቱ መነሻ 5 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ጫጩት ለኩሬ አንሰጥም፤ 7 ወይም 8 ቢሞላ እንመርጣለን። ትልልቅ ጎልድፊሾች አፋቸው የቻለውን ሁሉ ይውጣሉ፣ የራሳቸውን ዘር ጭምር። ኩሬ ውስጥ የሚያድጉ አንዳንድ የነፍሳት እጮችም ትንንሾቹን እያደኑ ይበላሉ።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ሰው ኩሬውን የሚለካው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው። ለጫጩቱ ወሳኙ ግን ሊነጋጋ ሲል ያለው ቅዝቃዜ ነው። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ያደገ ዓሣ ጥልቀት ባለው ኩሬ ውስጥ ከላዩ በረዶ ቢጋገርም ይኖራል። የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ቴርሞሜትር ኩሬው ውስጥ አኑሩና ማለዳ ማለዳ እዩት። ለተከታታይ ቀናት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ካልወረደ፣ ከአኳሪየሙ ጋር ያለው ልዩነትም ከ2 ወይም 3 ዲግሪ ካልበለጠ ጊዜው ደርሷል። አኳሪየሙ ማሞቂያ ካለው አስቀድማችሁ በየቀኑ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ አለማምዷቸው።

አሁን አጥብቀን ልናስረዳችሁ ወደምንፈልገው ነገር እንምጣ። ዓሣውን ከነላስቲኩ ኩሬው ላይ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ማንሳፈፍ የተለመደ ነው፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን ይህ የሚያስተካክለው ሙቀቱን ብቻ ነው። የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) እና በውስጡ የሟሟው ማዕድን በላስቲክ ውስጥ አልፎ አይገባም። ሙቀቱ ስለተመጣጠነ ብቻ ጫጩቱን ብትለቁት ሌላ ዓይነት ውሃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ገባ ማለት ነው፤ መዘዙም ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከማዛወራችሁ በፊት ባሉት ቀናት አኳሪየሙን ስታጸዱ ያወጣችሁትን ውሃ በከፊል በኩሬ ውሃ ተኩ፤ እጭ እንዳይገባ በጨርቅ አጥልሉት። በዕለቱም በባልዲ አድርጋችሁ የኩሬውን ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ አንድ ሰዓት ያህል ወስዳችሁ ጨምሩ። ከዚያ ዓሣውን ብቻ ልቀቁት፣ የባልዲውን ውሃ ድፉት።

ይህ ቤት ላደጉትና መንገዳቸው አጭር ለሆነው ነው። በታሰረ ላስቲክ ብዙ ሰዓት የተጓዘ ዓሣ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በጉዞው የትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ተጠራቅሞ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርግ ከቆሻሻው የሚወጣው አሞኒያ ብዙም አይጎዳውም። ላስቲኩ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም መርዛማ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዓሣ በዚያ ውሃ ውስጥ አታቆዩት፤ ሙቀቱን አመጣጥናችሁ ቶሎ አውጡት።

አዲስ ለተቆፈረ ኩሬ የታዘዙትን ደግሞ ይበልጥ እናቆያለን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ዓሣ ይገድላል። አንዳንድ ቦታ የሚጨመረው ክሎራሚን ደግሞ ውሃውን በማሳደር ብቻ አይጠፋም፤ ማርከሻ መድኃኒት ይፈልጋል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) ውስጥ እስኪራቡም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከነባሩ አኳሪየማችሁ ያልታጠበ ስፖንጅ ወስዳችሁ ኩሬው ፊልተር ውስጥ ብትከቱት ጊዜው ያጥራል።

ጥልቀቱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከፊሉ ጥላ ያግኝ፣ ወፍና ድመት እንዳይደርሱበት መረብ ይዘርጋበት። ቀጭንና ረጅም ሰውነት ያላቸው ኮሜትና ሹቡንኪን የተባሉት የጎልድፊሽ ዓይነቶች ለኩሬ ይስማማሉ። ክብና ዓይነ ጎላዎቹ ቀስ ብለው ስለሚዋኙ ቤት ቢቀሩ ይሻላል።

የምትለቋቸው ፀሐይ በረድ ስትል ይሁን፤ የዚያን ዕለት አትመግቧቸው። ለጥቂት ቀናት ተደብቀው ቢጠፉባችሁ አትደንግጡ። ማለዳ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ካያችኋቸው ግን አየር አጥሯቸዋል፤ ዕፅዋቱ ራሳቸው ሌሊት ኦክስጅን ይጠቀማሉና። ያኔ የአየር ፓምፕ ወይም ፏፏቴ ሳይውል ሳያድር ያስፈልጋል።

ከመውሰዳችሁ በፊት የኩሬያችሁን ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ አምጡልን፤ ፒኤቹን፣ አሞኒያውንና ናይትራይቱን ለክተን ከእኛ ውሃ ጋር እናነጻጽርላችኋለን። ዓሦቹ ከበዙባችሁም እባካችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቋቸው፤ በፍጥነት ተራብተው የአገሩን ዓሣ ይጎዳሉ። ለእኛ መልሱልን፣ እንቀበላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓሣ ማራቢያው ባልደረቦች