ታናሿን አይከልክሏት

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ታናሿ እህቴ መካኒካል ኢንጂነሪንግ እንዳትገባ መከልከልዎን ነገረችኝ። “ሴት ልጅ ከብረትና ከቅባት ጋር ምን አላት?” ብለዋል አሉ። አባባ፣ በዚህ አልስማማም። እኔም ያንኑ ተምሬ ስኳር ፋብሪካ ስለምሠራው ሥራ በደንብ አጫውቼዎት አላውቅም፤ ዛሬ ልንገርዎት።

የስኳር ፋብሪካ ልብ እሳቱ ነው። ጭማቂው የወጣለት አገዳ ባጋስ ይባላል፤ አይጣልም። ቦይለር ውስጥ ይነድና ውሃውን ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ያደርገዋል። እንፋሎቱ ተርባይኑን አዙሮ መብራት ያመነጫል። ከተርባይኑ ሲወጣም ሙቀቱ ገና አላለቀም፤ ጭማቂውን ለማፍላት ይውላል። እኔ የምጠብቀው ይህን ነው። የቦይለሩ ውሃ በደንብ ካልተጣራ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ሙቀቱ ወደ ውሃው አላልፍ ይላል፤ ብረቱ ይግልና ቱቦው ይፈነዳል። ተማሪ ሳለሁ እንቅልፍ የነሳኝ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም የሙቀትና የኃይል ትምህርት፣ ዛሬ እንጀራዬ ነው።

የእኛን ተርባይን ክፍል የምትመራው ሴት ናት። ድምፁን ሰምታ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ ትናገራለች። ከባዱንማ ክሬን ያነሳዋል፤ ከእኛ የሚፈለገው ጭንቅላት ነው።

ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው። አራተኛ ዓመት ላይ ፋብሪካ ወጥቶ መለማመድ፣ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ሒሳብ ለሚጠላ ይከብዳል። እሷ ደግሞ ሒሳብ ነፍሷ ነው፤ ያውቃሉ።

ሥራ ቶሎ ይገኛል ብዬ አልዋሽዎትም። ጎበዝ ጓደኞቼ ተመርቀው ብዙ ጊዜ ቤት ተቀምጠዋል፤ ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይላል። ቶሎ የቀናቸው ክረምቱን ወርክሾፕ የዋሉት፣ አውቶካድና ሶሊድወርክስ የሚባሉትን የኮምፒውተር ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራሞች የለመዱት ናቸው። ግን መግቢያው ብዙ ነው። አውሮፕላን ጥገና አለ፣ የጅቡቲ ባቡር አለ፣ የፎቆቹ ሊፍትና አየር ማቀዝቀዣ አለ። የሕዳሴው ግድብ 13 ተርባይኖችም ዕድሜ ልካቸውን ጠባቂ ይፈልጋሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ እሱንም የሚያውቅ ባለሙያ ገና ጥቂት ነው።

የትምህርት ክፍል ምርጫቸው ደርሷል። እባክዎ ደውለው “የወደድሽውን ሙዪ” ይበሏት። ከእርስዎ አፍ ካልሰማች አትሞላም። የላፕቶፑን ነገር ለእኔ ይተዉት፤ ለሥዕሉ የሚሆን ጠንከር ያለ እገዛላታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ