ባለ አንድ ዓይኑ ቅዱስ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን «ሣልኩት» ብሎ አንድ ሥዕል በስልኩ አሳየኝ። ሣልኩት ካልን ነው እንግዲህ! እሱ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ የሣለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የሚሉት ማሽን ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የዘጌውን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል እንዲመስል አዞት ነበር። ቀለሙ ያምራል። ቅዱሱን ግን በጎን ፊት፣ ባለ አንድ ዓይን አድርጎታል። በጥንቱ አሣሣላችን ጻድቅ ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ማሽኑ ይህን ከየት ይወቀው?

ቴክኖሎጂውን አልጠላሁም። ጀልባ ለሚከብዳት እናቴ የመቅደሱን ግድግዳ እዚያው ያለች ያህል በሚያሳያት ምናባዊ መነጽር ዙሪያውን ብታየው ደስታዬ ነው። ግን ሠሪዎቹ መጀመሪያ ሠዓሊ አጠገብ ይቀመጡ። የወንድሜን ልጅ ቅዳሜ ዘጌ ልወስደው ነው፤ የጀልባውን እኔ እከፍላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር