በአንተ በኩል የመጣው ጂን

አባዬ፣ እንደምን አለህ? በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ግን ስለ ሕመም ሲነሳ «ይሁን፣ ይሁን» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የምርመራ ውጤቴ መጣ። ብራካ 2 የሚባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን፣ ማለትም ብልሽት፣ አለብኝ። ካንሰር አልያዘኝም፤ ለካንሰር የመጋለጥ ዕድሌ ነው ከፍ ያለው። እማዬም ተመርምራ ነፃ ናት። ስለዚህ የመጣው በአንተ በኩል ነው። አያቴንና አክስቴን የነጠቀን የጡት ካንሰርም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ስወቅስህ እንዳይመስልህ፤ አንተም ወረስከው እንጂ ገበያ ወጥተህ አልገዛኸውም።

የጡት ካንሰር የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ጂኑ ግን ያለው 13ኛው ክሮሞዞም (ጂኖችን የሚሸከም ክር) ላይ ነው፤ ይህ ክሮሞዞም ፆታን የሚወስነው ስላልሆነ ወንድም ሴትም እኩል ይሸከመዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

የጂኑ ሥራ የተበጠሰ ዲኤንኤን፣ ጂኖቻችን የተጻፉበትን ክር፣ መጠገን ነው። ከአባትና ከእናት አንድ አንድ ቅጂ እንወርሳለን። የእኔ አንዱ ከተወለድኩ ጀምሮ የተበላሸ ነው፣ ሌላው ይሠራል። ችግሩ አንድ ሴል ውስጥ ሁለተኛውም የተበላሸ ዕለት ነው። ያኔ ጥገናው ይቆማል፣ ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የተበላሸው ጂን በሁሉም ሴሎቼ ውስጥ እያለ ለምን በተለይ ጡትና ኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚፈጠርበት አካል) ላይ ይበረታል? ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል። አንዱ ተጠርጣሪ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው፤ የጡት ሴሎችን ቶሎ ቶሎ ያባዛል፣ ሲሰባበርም ዲኤንኤን ሊጎዳ ይችላል። ሌሎች ጂኖችም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። አርቢ1 የሚባለው ሲበላሽ የሕፃናትን ዓይን ያጠቃል። ሊንች ሲንድረም ከሚባለው በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ተጋላጭነት ጋር የተያያዙት ጂኖች ደግሞ ትልቁን አንጀትና ማህፀንን።

ብራካ 2 ወንድን የሚያጠቃው በተለይ ፕሮስቴት ላይ ነው። ቆሽትም አለ፣ አልፎ አልፎ የወንድ ጡትም። ለዚህ ነው የምለምንህ፦ ፒኤስኤ የሚባለውን፣ የፕሮስቴት ካንሰርን ሊጠቁም የሚችል የደም ምርመራ አድርግ። ሐኪሙንም «ልጄ ብራካ 2 አለባት» በለው፣ እንዳትረሳ።

እኔ በየዓመቱ ጡቴን በኤምአርአይ እታያለሁ። ኦቫሪዬን የማስወጣቱን ነገር ወደ አርባ ስጠጋ ከሐኪሜ ጋር እንወስናለን።

ወንድሜም መመርመር አለበት፤ ሴት ልጆች አሉት። አንተ ብትነግረው ይሻላል፣ እኔን አይሰማኝም።

ልጅህ