ለአባባ፣ ስለ ኪኒኑና ስለ አረቄው

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ፊደል ጨርሳ ስሟን መጻፍ ጀምራለች፤ የእርስዎንም ስም አስጽፉኝ ትላለች። ወንድሟ አድጎ ያለፈው ዓመት ጫማ አልገባው ብሏል።

በስልክ የአረቄውን ነገር ሳነሳብዎ «የሱሉልታ ብርድ ያለ አረቄ አይቻልም» ብለው ይዘጉብኛል። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ የሞቀዎት ይመስልዎታል እንጂ የውስጥ ሙቀትዎን ነው የሚያስወጣው።

እሱስ ይሁን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ለስኳር የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ነው። ኪኒኑ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ እየገፋ ስኳርን ያወርዳል። ሆድ ባዶ ሲሆን ጉበት ስኳር ሠርቶ ወደ ደም በመልቀቅ ያመጣጥነዋል፤ አረቄ ሲገባ ግን አልኮሉን በማስወገድ ይጠመድና ይህን ሥራውን ይተወዋል። እራት ሳይበሉ ሁለት መለኪያ ጠጥተው ቢተኙ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ስኳርዎ ሊወርድ ይችላል። ያልብዎታል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንደበትዎ ይተሳሰራል። አፍዎ አረቄ ስለሚሸት ያየዎት ሁሉ «ሰክረው ነው፣ ይተኙበት» ብሎ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ለጎረቤት ይንገሩልኝ፦ ስኳርዎ ከ70 በታች ከሆነ፣ መመርመሪያው ከሌለም ሳይለካ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይስጥዎ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገመው፤ ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ። ኪኒኑ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና ሐኪም ይይዎት፣ ብቻዎንም አይተውዎት። ራስዎን ከሳቱ በአፍዎ ምንም አይጨምር፣ ለአምቡላንስ 907 ይደውል።

የማኅበር ዕለት ኪኒኑን ዘለው ይጠጣሉ ሲሉ ሰማሁ። ስኳርዎ ከፍ ይላል እንጂ ምንም አይጠቅምዎትም። ለጉልበትዎ የሚውጡት ዲክሎፌናክም ከአረቄ ጋር ጨጓራ ያደማል፤ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አንድ ቀን ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

እማዬ ስትለምንዎ «ምን አገባሽ» ያሏት እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ለእኔም ያንኑ ይሉኛል ብዬ ነው ስፈራ የኖርኩት። ይተዉት፣ አባባ። በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ግን በድንገት ማቆምም መንቀጥቀጥና ሌላ አደጋ አለውና መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክሩ። በቀጠሮዎ ዕለት ኪኒኖቹን በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሲጠይቅዎ «ለበዓል ብቻ» አይበሉት፤ በመለኪያ ቆጥረው ይንገሩት።